ስሙን የማያውቁትን የጓሮ ቁጥቋጦ መለየትና ለቦንሳይ መብቃቱን መመዘን፦ ዝርዝር መመሪያ

ቦንሳይ ማለት በሳህን ውስጥ እየተቆረጠ በአጭሩ እንዲያድግ የሚደረግ ዛፍ ነው። የጓሮ ቁጥቋጦን ለይቶ ለዚህ ሲመርጡ ሰዎች ደጋግመው የሚሰናከሉት በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው፣ የአንድ ቅጠል ፎቶ አንስተው ተክል የሚለይ የስልክ መተግበሪያ የሰጣቸውን የመጀመሪያ ስም ሳያጣሩ መቀበላቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በቅጠሉና በአበባው ተማርከው፣ ግንዱ ከአፈር ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ሳያዩ መጋዝ ማንሳታቸው ነው። ስሙ የሚጠቅመው ተክሉ ምን ያህል መቆረጥ እንደሚችል አስቀድሞ ለማወቅ ነው፤ ለድካም የሚበቃ መሆኑን የሚነግረው ግን የግንዱ እግርና በአንድ ቅርንጫፍ ላይ የሚደረግ ሙከራ ነው። ስለዚህ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይፈጽሙ፤ ደረጃ 8 ላይ ሳይደርሱም ተክሉን አይንቀሉ።

ከመጀመርዎ በፊት

አጉሊ መነጽር፣ ስለታም የአትክልት መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ፣ ጫፉ የሾለ የቀርከሃ ዘንግ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥቂት ነጭ ወረቀትና ማስታወሻ ደብተር ያዘጋጁ። አካፋና መጋዝ በዝርዝሩ ውስጥ ያልገቡት ሆን ተብሎ ነው፤ በእጅ ካሉ ያስቸኩላሉና። ሥራውን ተክሉ ቅጠል አውጥቶ በማደግ ላይ ባለበት ወቅት ይጀምሩ። ቅጠሉን ያራገፈ ቁጥቋጦ ለመለየት ከማስቸገሩም በላይ በደረጃ 7 ለሚደረገው ሙከራ መልስ አይሰጥም። ቦታው የሌላ ሰው ከሆነ አንዲት ቀንበጥ እንኳ ከመቁረጥዎ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅዱ።

ደረጃ 1፦ ፈሳሹን ይመርምሩ፣ ከመርዝም ይጠንቀቁ

ማንነቱን ያላወቁትን ተክል ቅጠል፣ ፍሬ ወይም ቅርፊት በምንም ምክንያት አይቅመሱ። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርገው አንዲት ቀጭን ቀንበጥ ይቁረጡና ከቁርጡ የሚወጣውን ፈሳሽ ይመልከቱ። እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ከወጣ ተክሉ ዋርካና ሾላ ከሚመደቡበት ከፊከስ ወገን፣ ወይም ከቁልቋልና ከቅንጭብ ወገን ሊሆን ይችላል። የፊከስ ወተት የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ያሳክካል፤ የቅንጭብና የዘመዶቹ ግን ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ኦሊያንደር የተባለው የጌጥ ቁጥቋጦ ደግሞ ከሥሩ እስከ አበባው መርዛማ ስለሆነ፣ ቅጠሉ ረጅምና ጠባብ የሆነን ቁጥቋጦ ለይተው እስኪያውቁት ድረስ ቁራጩን አያቃጥሉ፤ ጭሱም ይጎዳል።

ስሕተት ቢፈጠር፦ ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ከገባ አይሹት። ወዲያውኑ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይታጠቡና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ። የተጠቀሙበትን መቀስም በሳሙና ያጥቡ።

ደረጃ 2፦ ትክክለኛውን ናሙና ይውሰዱ

ከግንዱ ሥር ወይም በቅርቡ ከተቆረጠ ቦታ በኃይል የፈነዳ ረጅም ቀንበጥ ለመለያ አይሆንም። በእንዲህ ያለ ቀንበጥ ላይ ያሉ ቅጠሎች ከተለመደው በጣም የገዘፉ፣ አንዳንዴም ቅርጻቸው የተለየ ነው። ብርሃን ከሚያገኘው ጎን፣ ከቁጥቋጦው መካከለኛ ከፍታ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ቅጠሉ የጠነከረ ቀንበጥ ይምረጡ።

ቀንበጡን በነጭ ወረቀት ላይ ከማስመሪያው ጎን አስቀምጠው ፎቶ ያንሱ። የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ ቅጠሉ ከቀንበጡ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ የአሮጌውን ግንድ ቅርፊት፣ የቁጥቋጦውን ሙሉ ቅርጽ፣ ካለም አበባውንና ፍሬውን ለየብቻ ያንሱ። ፍሬ በተክሉ ላይ ካጡ ከሥሩ ጎንበስ ብለው ይፈልጉ፤ ያለፈው ወቅት ደረቅ ፍሬ ወይም የዘር ቅርፊት ብዙ ጊዜ ከረገፈው ቅጠል መካከል ይገኛል።

ደረጃ 3፦ ቀንበጡን ያንብቡ

ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ስለሆነ አይቸኩሉ፤ እያንዳንዱን መልስ እንዳገኙት በማስታወሻ ይጻፉ።

3.1 አንዱ ቅጠል የቱ እንደሆነ ይወስኑ። ቅጠል ከቀንበጡ ጋር በሚገናኝበት ጥግ፣ በብብቱ ማለት ነው፣ የወደፊቱ ቅርንጫፍ የሚወጣበት ትንሽ እንቡጥ አለ። በአጉሊ መነጽር ይፈልጉት። እንቡጡ የተቀመጠበት ቦታ የቅጠሉ መነሻ ነው። አንድ ዘንግ ብዙ ትንንሽ ቅጠሎችን ይዞ እንቡጡ የሚገኘው በዘንጉ መነሻ ብቻ ከሆነ፣ እነዚያ ሁሉ ትንንሾች ተደምረው አንድ የተከፋፈለ ቅጠል ናቸው፤ የብዙ ግራሮች ቅጠል እንዲህ ነው። ይህን ያልለየ ሰው ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ሁሉ በተሳሳተ ነገር ላይ ይመልሳል።

3.2 አቀማመጡን ይዩ። ቅጠሎቹ በአንጓው ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ? አንድ በአንድ እየተፈራረቁ ይወጣሉ? ወይስ ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው አንጓውን ይከብባሉ? በአንድ አንጓ ብቻ አይፍረዱ፤ ቢያንስ አምስት አንጓ ይቁጠሩ። አጫጭር ቀንበጦች ላይ ቅጠሎቹ ተጠጋግተው አንድ ላይ የበቀሉ ስለሚመስሉ ሁልጊዜ ረጅሙን ቀንበጥ ይመኑ። ሮማን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በአጫጭር ቀንበጦቹ ላይ ቅጠሉ ችምችም ብሎ ይታያል፣ በረጅሞቹ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት ነው።

3.3 ጠርዙን፣ መነሻውንና ጀርባውን ይመርምሩ። ጠርዙ ለስላሳ ነው ወይስ እንደ መጋዝ ጥርስ የተጠረበ? የቅጠሉ ሁለት ጎኖች በመነሻው ላይ እኩል ናቸው ወይስ አንዱ ከሌላው ዝቅ ይላል? ጀርባው ፀጉር፣ ብርማ ወይም ቡናማ ሽፋን አለው?

3.4 ቀንበጡን በጣትዎ ያዙሩት። አራት ማዕዘን ከሆነ እንደ የወፍ ቆሎ ያሉ ተክሎችን ይጠርጥሩ። እሾህ ካለ ከየት እንደሚወጣ ይመልከቱ፦ የጽጌረዳ እሾህ ከቅርፊቱ ላይ የበቀለ ስለሆነ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ይላቀቃል፤ የቡገንቪላና የፓይራካንታ እሾህ ግን ከእንጨቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በቀላሉ አይነሳም።

ደረጃ 4፦ የሚመሳሰሉትን ይለዩ

ከላይ የጻፏቸውን መልሶች ይዘው በጓሮ በብዛት ከሚተከሉትና እርስ በርስ ከሚምታቱት ጋር ያነጻጽሩ።

ባክሰስና ትንሽ ቅጠል ያለው የጃፓን ኢሌክስ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። የባክሰስ ቅጠል ፊት ለፊት ይወጣል፣ ጠርዙም ለስላሳ ነው፤ የኢሌክሱ ቅጠል ተፈራራቂ ሲሆን ጠርዙ ላይ ስስ ጥርስ አለው። ሊገስትረም እንደ ባክሰስ ፊት ለፊት ቢሆንም ቅጠሉ ረዘም ይላል፣ በቀንበጡ ጫፍ ላይም ነጭ የአበባ ዘለላ ያወጣል።

ኮቶኒያስተርና ፓይራካንታ ሁለቱም ትንንሽ ቀያይ ፍሬ ያፈራሉ። ኮቶኒያስተር እሾህ የለውም፣ የቅጠሉም ጠርዝ ጥርስ አልባ ነው፤ ፓይራካንታ ግን ጠንካራ እሾህ አለው።

ወይራና ኦሊያንደር ሁለቱም ጠባብና ረዘም ያለ ቅጠል ስላላቸው ይምታታሉ፤ የዚህ ስሕተት ዋጋም ከሌሎቹ ሁሉ ይከብዳል። የወይራ ቅጠል ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፣ ጀርባውም ብርማ ነው፤ በዱር የሚበቅለው የአፍሪካ ወይራ ደግሞ ጀርባው ወርቃማ ቡናማ ይሆናል። የኦሊያንደር ቅጠል በጣም የረዘመ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አንጓ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል።

ወተት የሚያወጣው ተክል ፊከስ መሆኑን ለማረጋገጥ ቅጠል የነበረበትን አንጓ በአጉሊ መነጽር ይዩ። የፊከስ አዲስ ቅጠል ከመፈታቱ በፊት በሾለ ሽፋን ተጠቅልሎ ይቆያል፤ ሽፋኑ ሲወድቅ ቀንበጡን እንደ ቀለበት የሚዞር ስስ መስመር ይተዋል። ቀለበቱ በየአንጓው ካለ ጥርጣሬው በጣም ይቀንሳል። ቡገንቪላን የሚያሳውቀው ደግሞ አበባው ነው፦ ባለቀለሞቹ ሦስት ስስ ቅጠሎች የአበባ ቅጠሎች አይደሉም፤ እውነተኛው አበባ በመካከላቸው ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። የቅጠሉ መነሻ አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ያለ፣ ተፈራራቂና ጠርዙ ጥርሳም ከሆነ ኤልም የተባለውን ዛፍ ያስቡ።

ስሕተት ቢፈጠር፦ የስልክ መተግበሪያው በየፎቶው የተለያየ ስም ከሰጠዎ፣ የሁሉንም ስም ይጻፉና በማስታወሻዎ ላይ ካሉት መልሶች ጋር የሚጋጨውን በየተራ ይሰርዙ። ቅጠሉ ፊት ለፊት እያለ ተፈራራቂ ቅጠል ያለውን ተክል ስም የሚሰጥ መልስ፣ መተግበሪያው የቱንም ያህል እርግጠኛ ቢመስል ውድቅ ነው። ትክክለኛውን ዝርያ ማግኘት ካልቻሉ ወገኑን ማወቅ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ወገኑም አልለይ ካለ አበባ እስኪያወጣ ይጠብቁ፤ መሬት ላይ ያለ ተክል በጠበቁት ቁጥር ግንዱ ይወፍራል እንጂ የሚቀንስበት ነገር የለም።

ደረጃ 5፦ የግንዱን እግር ይግለጡ

ለቦንሳይ የሚፈለገውን ተክል ከማይፈለገው የሚለየው በዋነኛነት ይህ ቦታ ነው። ቅርንጫፍ እንደገና ይበቅላል፣ ቅጠልም ይታደሳል፤ የተበላሸ የግንድ እግርን ግን ማስተካከል ብዙ ዓመት ይወስዳል።

በቀርከሃው ዘንግ በግንዱ ዙሪያ ያለውን አፈር ቀስ እያሉ ይጫሩ፣ በብሩሹም ይጥረጉ። የመጀመሪያዎቹን ወፋፍራም ሥሮች እስኪያገኙ ድረስ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይውረዱ። በውኃ ግፊት አይጠቡ፤ ስስ ሥሮችን ይነቅላል።

የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ነው፦ ግንዱ ወደ አፈሩ ሲቀርብ ይሰፋል፣ ሥሮቹም በተመሳሳይ ከፍታ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይዘረጋሉ። የሚከተሉትን ካዩ ግን ያስቡበት፦
- ሥር በአንድ ጎን ብቻ መኖሩ፤
- አንድ ሥር ግንዱን ዞሮ ማነቁ፤
- ግንዱ ከታች ቀጥኖ ከላይ መወፈሩ፤
- ቅርፊቱ ሲነካ ለስልሶ የሚሰረጉድ መሆኑ፤
- የአንዱ ተክል ቀንበጥ በሌላው ሥር ላይ የተገጠመበት እብጠት ወይም የቅርፊት መልክ በድንገት የሚለወጥበት መስመር መታየቱ።

ይህን ደረጃ የማጠብቀው ራሴ ስለተጎዳሁበት ነው። አንድ ጊዜ የክንድ ያህል የወፈረ የሚመስል የሊገስትረም ግንድ አይቼ፣ እግሩን ሳልገልጥ ግማሽ ቀን ሙሉ ቆፈርኩት። አፈሩ ሲራገፍ ወፍራሙ ግንድ ሰባት ቀጫጭን ግንዶች ሆኖ ተገኘ፤ ከአንድ አሮጌ ጉቶ ዙሪያ አቆጥቁጠው፣ እያደጉ ሲሄዱ ተጣብቀውና በመካከላቸው አፈርና የረገፈ ቅጠል ሞልቶ አንድ የመሰሉ ነበሩ። ጉቶው ራሱ በስብሶ ጣቴ ገባበት። አሥር ደቂቃ በዘንግ ብጭር ኖሮ ያን ቁጥቋጦ ባለበት እተወው ነበር።

እግሩ ደህና ከሆነ ከሥሮቹ በላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው የግንዱን ውፍረት ይለኩ። በተለመደው መለኪያ ጥቅጥቅ ያለ፣ ኃይለኛ የሚመስል ዛፍ ቁመቱ የግንዱን ውፍረት ስድስት እጥፍ ያህል ነው፤ 5 ሴንቲ ሜትር የወፈረ ግንድ 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ዛፍ ይወጣዋል ማለት ነው። ቁጥሩን ከመዘገቡ በኋላ አፈሩን መልሰው ያልብሱና ያጠጡ። ሥሮቹን ለፀሐይ ገልጦ መተው ተክሉን ይጎዳል።

ደረጃ 6፦ ከመስመሩ በታች ያለውን ብቻ ይመዝኑ

በደረጃ 5 ያገኙትን ቁመት (የግንዱን ውፍረት ስድስት እጥፍ) ለክተው በግንዱ ላይ ክር በማሰር ምልክት ያድርጉበት። ከክሩ በላይ ያለው ሁሉ ወደፊት የሚቆረጥ ስለሆነ አሁን አይቁጠሩት። ቁጥቋጦውን ከአራት አቅጣጫ ፎቶ ያንሱና ከክሩ በላይ ያለውን በወረቀት ሸፍነው የቀረውን ይመልከቱ። ብዙ ሰው ቁጥቋጦው ምንም እንደሌለው፣ ወይም ያልጠበቀው ውበት እንዳለው የሚያውቀው በዚህ ጊዜ ነው።

በቀረው ክፍል ላይ ግንዱ ከታች ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል? ቢያንስ አንድ እውነተኛ መታጠፊያ አለው? ከታችኛው ሲሶ አካባቢ የሚነሳ በሕይወት ያለ ቅርንጫፍ አለው? ከሦስቱ ሁለቱ ካሉ ተክሉ ወደ ደረጃ 7 ለማለፍ ይበቃል። ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ እኩል የወፈረ ግንድ ቢሆንም፣ ከታች ቅርንጫፍ ካለው አዲሱን ጫፍ ከዚያ ማስጀመር ስለሚቻል ወዲያው አይጣሉት።

ቅጠሉን በተመለከተ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ይህ ርቀት ከቅጠሉ ስፋት ይልቅ ይከብዳል። የቅጠል መጠን በተደጋጋሚ መቁረጥና በጥሩ ብርሃን ይቀንሳል፤ የአበባና የፍሬ መጠን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ እንደ ሂቢስከስ ትልቅ አበባ ያለው ቁጥቋጦ በ30 ሴንቲ ሜትር ዛፍ ላይ አበባው ቅርንጫፉን ሸፍኖ ይታያል። የተከፋፈለ ቅጠል ያላቸውም ከባድ ናቸው፤ ለጀማሪ አልመክራቸውም።

ደረጃ 7፦ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠው ማቆጥቆጡን ይፈትኑ

ከክሩ በላይ ያለ፣ ወደፊት የማይፈልጉት፣ የጣት ያህል የወፈረ አንድ ቅርንጫፍ ይምረጡ። ከግንዱ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው፣ በቀረው ላይ ምንም ቅጠል ሳይኖር ይቁረጡት። ቀኑን ይጻፉ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንትም ይጠብቁ። ሌላውን ቅርንጫፍ በዚህ ጊዜ አይንኩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ተክሉ መርፌ ወይም ቅርፊት መሰል ቅጠል ካለው ይህን ሙከራ እንደተጻፈው አያድርጉ። ጥድና ፓይን አረንጓዴ ካልቀረበት ራቁት እንጨት ስለማያቆጠቁጡ የተቆረጠው ቅርንጫፍ ይደርቃል። በእነዚህ ላይ አረንጓዴው ከግንዱ ምን ያህል እንደሚቀርብ ብቻ ይመልከቱ፤ አረንጓዴው ሁሉ ከክሩ በላይ ከሆነ ተክሉ አይሆንም።

ውጤቱን እንዲህ ያንብቡ። በቀረው የቅርንጫፍ ክፍል ላይ በብዙ ቦታ አዲስ እንቡጥ ከወጣ ተክሉ ጥልቅ ቁርጥን ይችላል፤ ፊከስ፣ ወይራ፣ ሊገስትረምና ኤልም ጤናማ ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይመልሳሉ። አዲስ ቀንበጥ የመጣው ከግንዱ ሥር ብቻ ከሆነ ተክሉ ኃይሉን ወደ ታች የሚሰበስብ ነውና በአንድ ጊዜ ዝቅ አድርጎ መቁረጥ አደጋ አለው፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይቁረጡት።

ስሕተት ቢፈጠር፦ ምንም ካልወጣ የቀረውን ቅርንጫፍ ቅርፊት በጥፍርዎ ጫር ያድርጉ። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሌላ አራት ሳምንት ይጠብቁ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ቅርንጫፉ ሞቷል፤ በዚህ ጊዜ ግን ተክሉን ከመጣልዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፦ ቅርንጫፉ በጥላ የተዳከመ ነበር? ተክሉ ውኃ ጠምቶት ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ ተክሉን አጠንክረው በሚቀጥለው ወቅት በጠንካራ ቅርንጫፍ ይድገሙት።

ደረጃ 8፦ ይወስኑ

እግሩ ጥሩ፣ ከክሩ በታች ያለው ክፍል ጥሩ፣ ሙከራውም የተሳካ ከሆነ ያውጡት። እግሩ ጥሩ ሆኖ ግንዱ ከቀጠነ መሬት ላይ ይተውት፤ በሸክላ ውስጥ ግንድ የሚወፍረው በጣም በዝግታ ነው። የላይኛው ክፍል አምሮ እግሩ ከተበላሸ ሳይነቅሉ፣ በሚፈልጉት ከፍታ ላይ ቅርፊቱን ዙሪያውን አንስተው በእርጥብ ሞስ (ውኃ የሚይዝ ለስላሳ ተክል) በመጠቅለል አዲስ ሥር ማስወጣት ይቻላል። ሦስቱም ከጎደሉ ለጓሮው ይተውለት።

ለማውጣት የወሰኑ እንደሆነ፣ ቅጠል የሚያራግፉትን እንቡጣቸው ማበጥ ሲጀምር ነገር ግን ሳይፈነዳ ያውጡ፤ ሙቀት የሚወዱትንና ዘወትር አረንጓዴ የሆኑትን ደግሞ ሙቀቱ ገብቶ ማደግ ሲጀምሩ። ዋዜማውን በደንብ ያጠጡ። ከግንዱ ውፍረት አራት ወይም አምስት እጥፍ ርቀው ዙሪያውን ይቆፍሩ፣ ወፍራም ሥሮችን በጥሰው ሳይሆን በስለታም መጋዝ ይቁረጡ፣ የሥሩንም ኳስ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉ። አሮጌ ወይም የሚያሳሳ ተክል ከሆነ ግማሹን ዙሪያ ዘንድሮ፣ ሌላውን ግማሽ በሚቀጥለው ዓመት ቆፍረው ሥሩን ይቁረጡና ከዚያ በኋላ ያውጡ። የቡገንቪላ ሥር በቀላሉ ስለሚሰበር አፈሩን አያራግፉ፤ እንጨቱም ስለሚበሰብስ ትላልቅ ቁርጦቹን ለዛፍ በሚሠራ የቁስል መሸፈኛ ይዝጉ።

ገና ወደ ቦንሳይ ሳህን አያስገቡት። ከሥሩ እምብዛም በማይሰፋ፣ ውኃ በሚያሳልፍ የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር በተነፋ ፑሚስ (ቀላልና ባለ ቀዳዳ ድንጋይ) ወይም የእሳተ ገሞራ ጠጠር ይትከሉ። ግንዱ በነፋስ እንዳይነቃነቅ ከሣጥኑ ጋር በሽቦ ይሰሩት፤ በተነቃነቀ ቁጥር አዲሶቹ ስስ ሥሮች ይበጠሳሉ። ከነፋስ በተጠበቀ ከፊል ጥላ ያስቀምጡ፣ ማዳበሪያም አይስጡ።

ስሕተት ቢፈጠር፦ ከተተከለ በኋላ ቅጠሉ ጠውልጎ ጠጠሩ እርጥብ ከሆነ ተጨማሪ ውኃ አይስጡ፤ የጎደለው ውኃውን የሚስብ ሥር ነው። ቅጠሉን በውኃ ብናኝ ያርጥቡ፣ ጥላውን ያጠናክሩ፣ በጣም ከበዛም የቅጠሉን ከፊል ይቀንሱ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አዲስ ቀንበጥ ሲወጣ ደግሞ ድኗል ብለው ወደ ፀሐይ አያውጡት፤ ይህ የመጀመሪያ ቀንበጥ ግንዱ ውስጥ ከተጠራቀመ ምግብ ብቻ ሊወጣ ይችላል፣ ከሥር ያለ ሥርም ካልተከተለው በድንገት ይጠወልጋል። አዲሱ ቅጠል ጠንክሮ ከእርሱ በላይ ሁለተኛ ዙር ቀንበጥ እስኪወጣ ድረስ ሣጥኑን ከቦታው አያንቀሳቅሱ፣ ሥሩንም ለማየት አይጎትቱ፣ መቀስም አያንሱበት።